የመንገደኛ ስንቅና የአማኑኤል ጠፍር

አባቶቻችን ለረዥም መንገድ ሲነሡ ከሁሉ አስቀድመው የሚመረምሩት የበቅሎዋን ኮርቻና የጭነቱን መጫኛ ነበር። በቅሎ ብትደክም ታርፋለች፤ ብትጠማም ከወንዝ ትጠጣለች። መጫኛው የተበጠሰ እንደ ሆነ ግን ስንቁም ልብሱም ገደል ይገባል፤ ባለቤቱም ባዶ እጁን ይቀራል። ዛሬ በበቅሎ ፈንታ በሞተር ብስክሌት ሩቅ አገር መሄድ የሚወዱ ወጣቶች በየቤቱ አሉ። ወላጆችም «ይህ ነገር ቅንጦት ነውን ወይስ ጥቅም አለው? በመንገድ ላይ ቢበላሽበትስ ልጃችንን ማን ይደርስለታል?» እያሉ ሲጨነቁ እንሰማለን። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ስለዚህ በ2006 ዓ.ም. የጥምቀትን በዓል በጎንደር ለማክበር ሦስት ባልንጀሮች ሆነን ከአዲስ አበባ በሞተር ብስክሌት በሄድን ጊዜ ያየነውን፥ ይልቁንም በጎጃም በአማኑኤል ከተማ የተደረገልንን፥ ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

በዚህ ዓይነት ጉዞ ስማቸው የታወቀ ሰዎች ሁሉ የተበላሸ ዕቃ ያላቆመው አንድም የለባቸውም ብንል አንሳሳትም። ቴሬዛ ዎላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን የተባሉት ሁለት እንግሊዛውያን ሴቶች በ1927 ዓ.ም. በአንድ ሞተር ብስክሌት ተጎታች አስከትለው ከለንደን ተነሥተው እስከ ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ደርሰዋል። በሰሐራ በረሓ ሞተሩ ስለ ተሰበረባቸው አጋዴዝ በምትባለው ከተማ እንደ ገና እስኪሠራ ድረስ መቆየት ግድ ሆኖባቸዋል። ቴድ ሳይመን የተባለው ጸሐፊ ደግሞ በ1966 ዓ.ም. መስከረም ወር ከለንደን ተነሥቶ በአራት ዓመት ውስጥ ዓለምን ዞረ፤ ከሱዳንም ወደ አገራችን ገብቶ ወደ ኬንያ አልፎአል። እነዚህን ሰዎች ከግባቸው ያደረሳቸው የሞተሩ ብርታት ብቻ አልነበረም፤ በቆሙበት ስፍራ መቆየትን መቻላቸውና የአገሩን ሰው እርዳታ መቀበላቸው ጭምር ነው።

ወደ ራሳችን ጉዞ እንመለስ። ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሐሳባችን ጥር 8 ቀን ሐሙስ ማልደን ተነሥተን ጥር 10 ቀን ለከተራ ታቦታቱ ሳይወጡ ጎንደር መግባት ነበር። ከሦስታችን አንዱ ጎንደር ለሚኖሩት ታማሚ አክስቱ በአዲስ አበባ የተገዛ የሁለት ወር መድኃኒት ይዞ ነበርና ጉዞው የበዓል ብቻ አልነበረም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» እንደሚባለው መሣሪያውን ለሦስት ተካፈልን። አንዱ መፍቻዎቹን፥ ካቻቢቴውንና ፒንሳውን ያዘ፤ ሁለተኛው ለጎማ የሚሆነውን መለጠፊያ፥ ማስቲሽና የእጅ ፖምፓ፤ ሦስተኛውም መለዋወጫ ካንዴላ፥ የካቴና ማያያዣና የፍሪሲዮን ሽቦ ገመድ ያዘ። ከባዱ ዕቃ ከታችና ወደ መካከል፥ ቀላሉ ከላይ እንዲሆን አደረግን፤ ጭነት ወደ ኋላና ወደ ላይ በበዛ ቁጥር የፊተኛው ጎማ መሬቱን በሚገባ አይዝምና።

የመጀመሪያው ፈተና የዓባይ በረሓ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። መሬቱ የሚንሸራተት ስለ ሆነ አስፋልቱ በብዙ ስፍራ ተጣጥፎ እንደ ማዕበል ሆኖ አገኘነው። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ፍሬን ሳያቋርጡ መያዝ አደገኛ ነው፤ ፍሬኑ ሲግል የፍሬኑ ዘይት ይፈላል፤ የፈላውም ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል፤ በዚህም ጊዜ የፍሬኑ መያዣ በእጅ ውስጥ እንደ ስፖንጅ ይልማል እንጂ ጎማውን አያቆምም። ስለዚህ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን እንዲይዝ እያደረግን፥ በመካከሉም ሁለት ጊዜ ቆመን ፍሬኑን እያቀዘቀዝን ወረድን። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውንም አዲሱን ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን መውጣት ጀመርን።

ዳገቱን እኩሌታ እንደ ወጣን የአንዱ የኋላ ጎማ በበረሓው እሾህ ተበሳ። ጎማውን አውርደን የውስጡን ጎማ በውሃ እያረጠብን አረፋ ከሚወጣበት ቀዳዳውን አገኘን፤ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን ማስቲሽ ቀባንበት። የቸኮለ ሰው ማስቲሹን እንደ ቀባ ወዲያው ይለጥፋል፤ እንዲህ የተለጠፈው ግን ብዙም ሳይሄድ ይላቀቃል። ማስቲሹ ጥቂት ጠፈፍ ብሎ በጣት ሲነኩት መያያዝ ሲጀምር ነው የሚለጠፈው። ውጭኛውንም ጎማ ከመመለስ በፊት ውስጡን በጣት ቀስ ብሎ መዳሰስ ይገባል፤ እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ አዲሱን ልጥፍ መልሶ ይበሳዋልና። ማታ ደብረ ማርቆስ ገብተን አደርን።

በማግሥቱ ዓርብ ነው። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ ከደብረ ማርቆስ ወጣን። በዚህ ደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ካርቡራተር ያለው ሞተር ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይጠጣል፤ ያስለዋል፥ ካንዴላውም በጥላሸት ይጠቁራል። ካንዴላውን አውጥተን በሽቦ ብሩሽ ጠርገን መለስን፤ ሳሉም ተሻለው። ከአማኑኤል ሊያገባን ጥቂት ሲቀረን ግን ከበስተኋላ የነበረው ባልንጀራችን ጥሩንባ ነፋ። ከእኛ የአንዱ የዕቃ መጫኛ ብረት፥ አዲስ አበባ ላይ መርምረን ደኅና ያገኘነው፥ ከመንቀጥቀጥ ብዛት በብየዳው አጠገብ ተሰንጥቆ ሻንጣው ወደ ጎማው ዘንበል ብሎ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሻንጣ በሚሮጥ ጎማ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ጎማው በአንድ ጊዜ ይታሰራል፤ ነጂውም ከአስፋልቱ ላይ ይወረወራል። ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና ካለ ደግሞ መጨረሻውን ለመናገር ያስፈራል።

ሞተሩን እየገፋን አማኑኤል ገባን። አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ በስንዴና በጤፍ ማሳ፥ በባሕር ዛፍም የተከበበች የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት። በያጅ ፈልገን አገኘን፤ ነገር ግን በዚያ ቀን መብራት ጠፍቶ ነበርና ሊበይድልን አልቻለም። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንደኛው «በሽቦ አስረን እንሂድ፤ ከተራ ሊያመልጠን ነው» አለ። ሁለተኛው «ወደ ደብረ ማርቆስ እንመለስ» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «መድኃኒቱን ይዤ እኔ ብቻዬን ልቅደም፤ እናንተ ቆዩ» አለ። ሁሉም የየራሱ ምክንያት ነበረው፤ ድምፃችንም ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር።

ይህን ሲሰሙ የቆዩ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ ቀረብ ብለው ብረቱን አዩት።

«ልጆቼ፥ ከየት ነው የመጣችሁት?»

«ከአዲስ አበባ ነው፥ አባባ፤ ለጥምቀት ጎንደር ለመድረስ ነበር።»

«ትደርሳላችሁ። አጥንት ሲሰበር ወጌሻ ምን ያደርጋል? ይህም እንደዚያው ነው።»

ሽማግሌው የጠፍር አልጋ ሠሪ ነበሩ። ለአልጋ የሚሆነውን ጠፍር፥ ለቀንበርና ለሞፈር የሚሆነውንም ምራን ከጥሬ የበሬ ቆዳ እየቀደዱ ያዘጋጃሉ። ልጅ ልከው በውሃ ተዘፍዝፎ ያደረ ጠፍር አስመጡ። ከዚያም አንድ ቀጥ ያለ የወይራ እንጨት ቆርጠው በተሰነጠቀው ብረት ጎን አጋደሙት፤ ወጌሻ የተሰበረ እግር እንደሚያስር ጠፍሩን በእግራቸው ረግጠው እየሳቡ ጠምጥመው አሰሩት። ከማርሚታው ርቆ መዋሉንም መላልሰው አዩ፤ እሳት የነካው ጠፍር ይኮማተርና ይሰበራል አሉ።

አስረው እንደ ጨረሱ እኛ ለመነሣት ተዘጋጀን። እሳቸው ግን እጃቸውን አንሥተው ከለከሉን። «እርጥብ ጠፍር ገመድ ነው፤ ደረቅ ጠፍር ብረት ነው። ፀሐይና ነፋስ እስኪነካው ተቀመጡ» አሉን። ነገሩ እውነት ነው፤ ጥሬ ቆዳ ሲርስ ይለጠጣል፤ ሲደርቅ ግን ይሰበሰባል፤ ስለዚህ በእርጥቡ የታሰረው ሁሉ በደረቀ ጊዜ ማንም ክንድ ሊያጠብቀው ከሚችለው ይልቅ ይጠብቃል። ሰዓቱን እያየን ብንጨነቅም ታዘዝን። ጎረቤታቸው የሆኑ እናት ዓርብ ነውና የጾም ሽሮና እንጀራ አቀረቡልን። ቀድሞ ሲጨቃጨቁ የነበሩት ሦስቱ መንገደኞች በአንድ ገበታ ቀርበን በላን። ከዚያች ሁለት ሰዓት ውስጥ የአንድ ቀን ጉዞ ዕረፍት አገኘን፤ ክርክሩም የት እንደ ገባ አላወቅነውም።

እኩለ ቀን ሲሆን ሽማግሌው ጠፍሩን በጣታቸው መታ መታ አድርገው እንደ ከበሮ ጠንከር ያለ ድምፅ ሲሰጥ «አሁን ሂዱ» አሉን። የሻንጣውንም ከባድ ዕቃ አውጥተን ለሌሎቹ ሁለት ሞተሮች እንድናካፍል አዘዙ። ዋጋውን ስንጠይቃቸው ገንዘቡን አልፈለጉትም፤ የክርስትና ስማቸውን ነግረው «ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ ስትደርሱ አስቡኝ» አሉን። ደግሞም እንዲህ ሲሉ አስጠነቀቁን፤ «ይህ ለበጋ ነው። ዝናብ ካገኘው ይላላል፤ ከክረምት በፊት በብረት አሠሩት።» የእጃቸውን ሥራ ከማመስገን ይልቅ የሚያቅተውን ነገር ቀድመው መናገራቸው ከእውነተኛ ባለ ሙያ የሚጠበቅ ነገር ነው።

ከአማኑኤል እስከ ባሕር ዳር ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በደምበጫና በቡሬ በኩል አልፈን ጀምበር ሳትጠልቅ ባሕር ዳር ገባን፤ ጠፍሩም ንቅንቅ አላለም። በማግሥቱ ለከተራ ጎንደር ደረስን፤ መድኃኒቱም ለባለቤቱ ደረሰ። የሽማግሌውንም ስም እንደ አደራቸው በጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ አሰብን። ስንመለስ አማኑኤል ላይ ቆመን ብንጠይቃቸው ከምስጋናችን ይልቅ ጠፍሩን ለመመርመር ቸኮሉ።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ስለ አንድ ጠፍር ለማውራት ብቻ አይደለም። በዚያ መንገድ ከገጠመን ብልሽት ሁሉ መጠበቅን ያልጠየቀ አልነበረም። የጋለው ፍሬን እስኪቀዘቅዝ፥ ማስቲሹ እስኪጠፍ፥ ጠፍሩም እስኪደርቅ መቆየት ነበረብን። ከስንቅ ሁሉ በመንገድ ላይ ቀድሞ የሚያልቀው ትዕግሥት እንደ ሆነ በዚህ ተረዳን። ደግሞም ሰው የሚረዳውን የሚያገኘው ቆሞ ሲጠብቅ ነው፤ ሲሮጥ የሚያልፈውን መንደር አያውቀውም። ጦብያ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ አብሮት የሚጓዘው ማን እንደ ሆነ አላወቀም ነበር፤ እኛም በመንገድ ዳር የሚቀርበንን ሰው በልብሱ ልንንቀው አይገባም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ምክንያት ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ተዘግቶአል፤ ብዙ መንገደኛም ተንገላቶአል። ሦስት እንግዶች በማያውቁት ከተማ ሁለት ሰዓት ያለ ሥጋት ተቀምጠው እንጀራ መብላታቸው ምን ያህል ትልቅ ሀብት እንደ ነበረ ዛሬ ይበልጥ ይታወቀናል።

እንግዲህ ልጁ ለሩቅ ጉዞ የሚነሣበት ወላጅ ይህን ይንገረው። የመንገዱን ደኅንነት ሳይጠይቅ አይነሣ። የራስ ቁሩን ሳያጠልቅ ሞተር አያስነሣ። ከብትና እግረኛ አስፋልት ላይ ስለሚውልና ስለሚያመሽ በሌሊት አይንዳ። ብቻውን ከመሄድ ከባልንጀራ ጋራ መሄድን ይምረጥ። ጎማ መለጠፍን፥ ካንዴላ መጥረግን፥ ካቴና ማጥበቅን በቤቱ ደጃፍ ተለማምዶ ይውጣ። በየማለዳውም ቡሎኑንና የጭነቱን ብረት በእጁ እየነቀነቀ ይመርምር። የማይችለው ነገር ሲገጥመው ግን ሳያፍር ይቁምና የአገሩን ሰው ይጠይቅ፤ የነገሩትንም ይስማ።

አማኑኤል ማለት እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ማለት እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን። በዚያች ከተማ ስም የተጠራው አምላክ ለአገራችን ሰላሙን፥ ለመንገደኞችም ሁሉ የቀና መንገድ ይስጥልን።