መኪናህ ለማን ነው የምትጮኸው?

ዛሬ ፖለቲካ የለም፤ የዶላር ምንዛሪም የለም። ስለ መኪና ድምፅ ነው የማወራው። «ይሄ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው?» የምትሉ ካላችሁ፣ ማርሚታዋ የተቆረጠ ቪትዝ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ በመስኮታችሁ ሥር አልፋ አታውቅም ማለት ነውና ፈጣሪያችሁን አመስግኑ።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። እኔ የመኪና ድምፅ ከሚጠሉት ወገን አይደለሁም። እንዲያውም በጣም ነው የምወደው። ቮልስ ከሩቅ ስትመጣ ሳላያት የማውቃት፣ የሰው መኪና ሲነሳ «አንዱ ካንዴላ አልሠራም» እያልኩ ሚስቴን የማሰለች ሰው ነኝ። ጠቤ ከቆረጣው ጋር ነው። መኪናው ደስ የሚል ድምፅ እንዲያወጣለት የሚፈልግ ሰው ወደ ጭስ ማውጫው ከመሄዱ በፊት ኮፈኑን ይክፈትና አየር ማስገቢያውን ይይ፤ ከፊት ይጀምር ባይ ነኝ።

ይህን ያስጻፈኝ የእህቴ ልጅ ነው። ቪትዝ አለችው፤ ባለ ሦስት ሲሊንደሯ፣ አንድ ሊትሯ። በስልክ እየተጠራ ሰው ያመላልስባታል፤ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ቀለበት መንገድ ላይ ይዞርባታል። «ጋሼ፣ ማርሚታዋን አስቆርጬ ቀጥታ ቱቦ ላስበይድላት ነው» አለኝ። ጓደኞቹ ሁሉ አስቆርጠዋል። «ጉልበትም ትጨምራለች» ብሎ አከለልኝ። ልጁ የሚኖረው ከአያቱ፣ ማለትም ከእናቴ ጋር በአንድ ግቢ ነው። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፤ ደም ግፊት አለባት፤ እንቅልፍ የሚወስዳት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። እሱ ከሥራ የሚገባው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

«አትቁረጥ» ብዬ ስልኩን መዝጋት እችል ነበር። ግን የሃያ አራት ዓመት ልጅን አታድርግ ማለት አድርግ ማለት ነው። ስለዚህ «ቅዳሜ መኪናዋን ይዘህ ና፤ ድምፅ እንሰጣታለን» አልኩት።

የሞተር ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ካልገባን ክርክሩ ሁሉ ባዶ ነው። ቤንዚኑ ነድዶ የጭስ ማውጫው ባልቮላ በተከፈተ ቁጥር የታመቀው ጋዝ ተፈትልኮ ይወጣል። ይህ አንድ ምት ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንዴ ይተኩሳል፤ ስለዚህ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 100 ምት ይሰጣል፤ ባለ ሦስቱ 75። ቪትዟ ቆማ ስትሠራ፣ 800 ዙር ላይ ናት እንበል፣ በሰከንድ 20 ምት ብቻ ነው ያላት። የሰው ጆሮ መስማት የሚጀምረውም እዚያው አካባቢ ነው። መብራት ላይ ስትቆም ከመሰማት ይልቅ ወንበሩን የምታንቀጠቅጠው ለዚህ ነው።

በእነዚህ ምቶች ላይ ደግሞ ብዙ የሚደረብ አለ፤ ፉጨት፣ መንጣጣት፣ የቱቦው ንዝረት። የማርሚታ ሥራ ይህን ማጣራት ነው። ቆርጠህ ስትጥለው ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ተለይቶ አይመጣልህም፤ ሲዋጥ የነበረው ግሳንግስ ሁሉ አብሮ ይወጣል። የተቆረጠች ቪትዝ እንደ እሽቅድምድም መኪና መሆኑ ቀርቶ እንደ ወፍጮ ቤት የምትጮኸው በዚህ ምክንያት ነው። ዋሽንት የነፋ ሰው ሌላውንም ነገር ይገምተዋል፤ ቱቦ ሲያጥር ድምፅ ይቀጥናል። ማርሚታውን ጥሎ ቱቦውን ያሳጠረ ሰው ወፍራም ድምፅ ፈልጎ ቀጭን ገዛ።

አንዳንዱ ደግሞ የብየዳ ሒሳብ ለመቆጠብ ቱቦውን ከወለሉ ሥር፣ ከኋላ ጎማ ሳያሳልፍ ያስቀረዋል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። መኪናዋ መጨናነቅ ውስጥ ቆማ፣ ወለሏ በአንድ በኩል በዝገት ተበልቶ፣ ከኋላ ወንበር እናት ሕፃን አቅፋ ተቀምጣ አስቡት። ሾፌሩ «ራሴን አመመኝ፣ ዛሬ ድካም አለብኝ» ይላል። የጭስ ማውጫ ጫፍ ከኋላ ፓራውልት አልፎ መውጣት አለበት፤ በዚህ ድርድር የለም። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን «ሞተሩን ያፍነዋል» ብሎ አስወልቆ የሚሸጥም አለ። ገዢው የሚቸኩለው ለሞተርህ አዝኖ እንዳይመስልህ፤ ውስጡ ያለውን ፕላቲኒየምና ፓላዲየም ብሎ ነው።

ለጎረቤትም ቁጥር አለው። በአገራችን የአካባቢ ድምፅ ደረጃ መሠረት የመኖሪያ ሰፈር ልኩ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። 10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጆሮ ድምፁ እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማዋል። 45 ላይ የተኛ ሰፈር ውስጥ 75 ይዘህ ብትገባ፣ ስምንት እጥፍ ሆነህ ነው የገባኸው።

«ጉልበት ትጨምራለች» ላለው ግን ትንሽ ሳቅሁበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው (ከተማው ባሕር ዳርን ማለቴ አይደለም፣ እሱም ከፍታ ላይ ነው) በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን የሚያጣው በዚያው ልክ ነው። ቪትዟ ጃፓን ስትሠራ 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ እዚህ መገናኛ አደባባይ ላይ 55 ብትደርስ ነው። ይህን የሚመልስ ቱቦ የለም። «ጉልበት ከፈለግህ ወደ አዋሽ ውረድ፣ በነፃ ነው» አልኩት። ከዚያም በላይ፣ ለትንሽ ሞተር ሰፊ ቱቦ ሲገጠም ጋዙ ፍጥነቱን ያጣል፤ መኪናዋ ከታች ማርሽ ላይ ትደክማለች። ለአንድ ሊትር ሞተር ሁለት ኢንች ቱቦ ከበቂ በላይ ነው። ያ ሁሉ የጣሳ አፍ የሚያክል የቱቦ ጫፍ ጌጥ ነው።

እሺ፣ አየር ማስገቢያው ጋ እንምጣ። የምወደው ይሄን ነው።

ሞተር ሲያስወጣ ብቻ አይደለም የሚጮኸው፤ ሲተነፍስም ድምፅ አለው። ፒስተኑ ሲወርድ አየር ይስባል፤ በማስገቢያው ቱቦ ውስጥ የግፊት ማዕበል ይመላለሳል። ያ ድምፅ ጎርነን ያለ፣ ከደረት የሚወጣ ዓይነት ነው። ሁለት ጠባዮች አሉት። አንደኛ፣ የሚሰማው ነዳጅ ስትረግጥ ነው፤ የአየር በሩ ሲከፈት። ቀስ ብለህ ወደ ሰፈርህ ስትገባ ዝም ይላል። ሁለተኛ፣ የሚወጣው ከፊት፣ ካንተ አጠገብ ስለሆነ በብዛት የምትሰማው አንተው ነህ። የጭስ ማውጫ ድምፅ ግን አንተን ትቶ ኋላህ ላለው ሰው ነው የሚያወራው።

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። ቶዮታ ለክሰስ ኤልኤፍኤ የተባለችውን ባለ አሥር ሲሊንደር መኪና ሲሠራ ድምፁን ከያማሃ ጋር ነው የቀመረው፤ የያማሃ የሙዚቃ መሣሪያ ባለሙያዎችም እጃቸው አለበት። 500 ብቻ ናቸው የተሠሩት። የአየር ማስገቢያውን ድምፅ ሆን ብለው ወደ ሾፌሩ ክፍል አስገቡት። ቶዮታ 86 ላይም ከአየር ማስገቢያው ተነስታ ወደ ውስጥ የምትገባ ትንሽ የድምፅ ቱቦ አለች። ሾፌሩ ይስማ፣ መንገደኛው ይረፍ ነው ነገሩ።

በብዙ ተራ መኪኖች ላይ ግን የተደረገው ተቃራኒው ነው። ከአየር ማጣሪያው፣ መካኒኮቻችን ዲፕራተር ከሚሉት፣ ጋር በተያያዘው ቱቦ ላይ ምንም የማትሠራ የምትመስል ባዶ የፕላስቲክ ሳጥን ተንጠልጥላ ታገኛላችሁ። ሥራዋ አንድን የተወሰነ ድምፅ በራሷ ንዝረት ማጥፋት ነው። ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ጋር እሷን ፈታን። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ሳጥኗን ሲያራግፍ «እቺ ናት እንዴ?» አለ፣ እንደ መናቅ እያደረገው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሳጥኗ ከማጣሪያው በፊት ከሆነች ክፍተቱ ብዙ አይጎዳም፤ የሞተሩን ሙቅ አየር እንዳይስብ ብቻ ይደፈን። ከማጣሪያው በኋላ ከሆነች ግን ቀዳዳው በደንብ ካልታሸገ አቧራው ያለማጣሪያ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። የከተማችንን የግንባታ አቧራ ታውቁታላችሁ። ፋሻውን በልቶ ይጨርስና መኪናዋ ዘይት መጠጣት ትጀምራለች፤ ከዚያ ሞተር ማውረድ ነው። በዚሁ ምክንያት ሶማሌ ተራ የሚሸጠውን በቀይ የተቀባ ሾጣጣ ማጣሪያ አልመክርም። ድምፁ ያምራል፤ ግን ብዙ ጊዜ ከሳጥን ውጭ ስለሚቀመጥ የሚስበው የኮፈን ውስጥ ትኩስ አየር ነው፤ አቧራ በመያዝም ተራው የወረቀት ማጣሪያ ይበልጠዋል።

ልጁ ሞክሮ ተመለሰ። ፊቱ ላይ ፈገግታ አለ፤ ግን ግማሽ ነው። «ውስጥ ደስ ይላል ጋሼ። ውጪ ግን አይሰማም።»

እውነቱን ስለተናገረ ወደድኩት። ስለዚህ ከተክለ ሃይማኖት ወረድ ብሎ ወዳለው፣ ሰፈሩ «ኢንጂነር» ወደሚላቸው ሽማግሌ በያጅ ይዤው ሄድኩ። አርባ ዓመት ማርሚታ የበየዱ ሰው ናቸው። ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ወፍራም ድምፅ ነው የምትፈልገው ወይስ ትልቅ?» አሉት።

«ሁለቱንም፣ አባባ።»

«እንግዲያማ አይሱዙ ግዛ፣ ልጄ።»

ከዚያ ሥራቸውን ሠሩ። መሐል ላይ ያለችውን ትንሿን ማፈኛ አልነኳትም፤ እሷ ከወጣች 2,500 ዙር አካባቢ ጆሮ የሚደፍን ኡኡታ ይመጣል፣ ያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ የሚያመላልስ ሰው የሚችለው አይደለም። የኋላዋን ብቻ አወጡና በምትኳ ቀጥታ የሚያልፍ፣ ዙሪያውን የተበሳሳ ቱቦ ያለው፣ በላዩ የብረት ሱፍና የመስታወት ጥጥ ተጠቅጥቆበት በላሜራ የተሸፈነ ማርሚታ ገጠሙ። ጥጡ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፤ ወፍራሙ ያልፋል። ከሞተሩ አጠገብ ያለችውን ኦክስጅን ሴንሰር ሳይነኩ፣ ጋርኒሲዮኑን አዲስ አድርገው አሠሩት። እዚያ ቦታ ትንሽ ካፈሰሰ ሴንሰሯ ትታለልና ቤንዚን ታበዛለች፤ ልጁ ለነዳጅ ሰልፍ ምን ያህል እንደሚቆም ደግሞ አውቃለሁ።

ጓደኞቹ ሰምተው «ይሄ ምን ድምፅ አለው?» አሉት አሉ። አንዷ ተሳፋሪ ግን «መኪናህ ደስ የሚል ድምፅ አላት» ብላዋለች። ይህን ሦስት ጊዜ ነግሮኛል። ነገ ተመልሶ አይቆርጣትም ብዬ አልምልም።

እኔን ለምን ይህን ያህል አስጨነቀህ ትሉኝ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ከእንግዲህ አዲስ የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው፤ ዝም ያለ። አውሮፓ ውስጥ እንዲያውም እግረኛ እንዳይገጩ ቀስ ብለው ሲሄዱ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያወጡ በሕግ ታዘዋል። በእጃችን የቀሩት ቪትዞች፣ ኮሮላዎችና ዲኤክሶች እያረጁ አብረውን ይቆያሉ። ሰፈሩ የሞተርን ድምፅ የሚያውቀው በሌሊት ቆራጮቹ ብቻ ከሆነ ግን፣ አንድ ቀን «ድምፅ ያለው ሁሉ ይጥፋ» ሲባል እኔም ከነዲኤክሴ እጠረጋለሁ። ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚያችው ዲኤክስ ነበር ከሥራ የሚመጣው። እናቴ ገና ከታች ኩርባው ላይ ስትሰማት «መጣ» ብላ ወጡን ታሞቅ ነበር። መንገዱ ላይ ስንት ዲኤክስ ያልፋል፤ ተሳስታ አታውቅም። ባለፈው የአየር ማጣሪያውን ክዳን ገልብጬ ይዣት ስገባ «ሞተሩን ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» አለችኝ። ለየችው ማለት ነው።

ክዳን መገልበጡን በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ ልንገራችሁ። ካርቡራቶር ላላቸው፣ ከላይ ክብ የብረት ማጣሪያ ለሚሸከሙ አሮጌ መኪኖች ብቻ ነው። ከመሐል ያለችውን በእጅ የምትፈታ ዳዶ ፍቱ፣ ክዳኑን አዙራችሁ መልሱ። ማጣሪያው ከላይም ከታችም በደንብ መግጠሙን እዩ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ተዉት። ዳዶዋን በፒንሳ አታጥብቁ፣ ካርቡራቶሩ ይጣመማል፤ በጣት ይበቃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ክዳኑን ወደ ቦታው መልሱት፤ እኔ ሰኔ ላይ ነው የምመልሰው።