ብስክሌት ተሸክሞ መሮጥ፦ ከአስቶሪያ ጭቃ

በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በኦሪገን ግዛት፣ የኮሎምቢያ ወንዝ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ አስቶሪያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1811 ሲሆን፣ ከፖርትላንድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዝናቧስ አይጣል ነው! በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርድባታል። በኦክቶበር መጨረሻ ብትሄዱ ወንዙን የሚሻገረውን ረጅም ድልድይ ጉም ሸፍኖት ልታገኙት ትችላላችሁ። ሌላው ሰው ወደ ቤቱ የሚሸሽበት ይህ ወቅት ግን ሳይክሎክሮስ ለሚባለው የብስክሌት ውድድር ሠርግና ምላሽ ነው።

ለመሆኑ ሳይክሎክሮስ ምንድን ነው? በሣር፣ በጭቃና በአሸዋ ላይ የሚደረግ እሽቅድምድም ነው። የመጀመሪያው የፈረንሳይ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1902 ተካሄደ፤ የዓለም ሻምፒዮናው ደግሞ በ1950 ፓሪስ ላይ ተጀመረ። ተወዳዳሪው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ ደጋግሞ ይዞረዋል። በመንገዱ ላይ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሣንቃዎች ይተከላሉ፤ እዚያ ስትደርሱ ወርዳችሁ ብስክሌቱን አንሥታችሁ ትዘልላላችሁ። ዳገቱ ሲብስም ትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁ ትሮጣላችሁ። ሌላ ጊዜ ብስክሌት ሰውን ይሸከማል፤ እዚህ ግን ተራው የሰው ነው።

እኔን ወደዚህ ያስገቡኝ ፖርትላንድ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩ አምስት ጓደኞቼ ናቸው። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስለሚያውቁ፣ «እንግዲያው አንተ ታሸንፍልናለህ» አሉኝ። የአበበ ቢቂላና የኃይሌ ገብረ ሥላሴ አገር ልጅ ሆኖ በውጭ የኖረ ሁሉ ይህን ሸክም ያውቀዋል! ልጆቼም ሊያዩኝ አብረው ስለሚመጡ፣ መጨረሻ መውጣት ከጭቃው ይልቅ አስፈራኝ።

ጓደኞቼ ግን አልተዉኝም። ሳልቆም በግራ በኩል መውረድን መናፈሻ ውስጥ አለማመዱኝ። ጎማው ጭቃውን እንዲቆነጥጥ ነፋሱን መቀነስ እንዳለብኝም አሳዩኝ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከውድድሩ በፊት፣ አንዱ መንገዱን በእግር ይዞኝ ዞረ፤ «እዚህ ጋ አትፍጠን፣ እዚህ ጋ ፍሬን አትያዝ» እያለ።

የጀማሪዎች ውድድር ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው፤ ሳንባ ግን ይህን አያውቅም። በሁለተኛው ዙር ጭቃውና ሣሩ ጎማዬ ላይ ተጠቅልለው አልዞር አለ። እየገፋሁ ብስክሌት መቀየሪያው ጋ ስደርስ፣ የራሱን ውድድር ቀድሞ የጨረሰው ጓደኛዬ የገዛ ብስክሌቱን ይዞ ቆሟል። «ውሰድ!» አለኝ። በዚህ ስፖርት በተወሰነለት ቦታ ብስክሌት መቀየር ይፈቀዳል። እኔ በእርሱ ብስክሌት ስዞር፣ እርሱ ብርዱን ችሎ የእኔን አጠበልኝ፤ በሚቀጥለው ዙር ንጹሑን ብስክሌቴን መልሶ ሰጠኝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚባለውን በዚያን ቀን በዓይኔ አየሁት።

ስለ ፈራሁት ነገርም ልንገራችሁ። መንገዱ ዙር ስለ ሆነ፣ የኋለኛው ሰው ለብቻው አይቀርም። መሪዎቹ ደርሰው ያልፉታል፤ ተመልካቹም ማን ቀዳሚ ማን ኋለኛ እንደ ሆነ ይጠፋውና ለሁሉም ይጮኻል። የመጨረሻው ዙር ደወል ከተደወለ በኋላ መሪው ሲገባ፣ የቀረነውም ባለንበት ዙር እንጨርሳለን። እኔ ከመጨረሻ ሦስተኛ ሆኜ ገባሁ። ልጆቼ ግን በገመዱ ዳር እየሮጡ ስንት ጊዜ እንዳዩኝ ይቈጥሩ ነበር እንጂ ስንተኛ እንደ ወጣሁ አልጠየቁኝም።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ የምትኖሩበት አካባቢ እንዲህ ያለ ውድድር ካለ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቅያሪ ልብስና ሁለት ጥንድ ካልሲ አትርሱ። ጀማሪ ከሆናችሁ፣ «መጨረሻ እወጣለሁ» በሚል ፍርሃት ግብዣውን አትመልሱ። ብርቱዎች ከሆናችሁ ደግሞ፣ ውድድራችሁን እንደ ጨረሳችሁ ወደ መኪናችሁ አትቸኩሉ። ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ጥቂት ቁሙ፤ ጎማው አልዞር ያለው ሰው እየመጣ ይሆናል።