የደንገል ታንኳ በጣና

አንባቢ ሆይ! በሐይቅ ላይ ለመንሸራሸር ብትፈልግ የግድ የሚያጓራ ሞተር አያሻህም። ወደ ባሕር ዳር ሂድና ማለዳ ከጣና ዳር ቁም። ነፋሱ ገና ሳይነሣ፥ ውሃው እንደ መስተዋት ረግቶ ሳለ፥ ቀጭን ታንኳ ድምፅ ሳታሰማ ስታልፍ ታያለህ።

ይህች ታንኳ ሳንቃም ምስማርም አታውቅም። የምትሠራው ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያም በነዶ በነዶ ተደርጎ በገመድ ጠብቆ ይታሰራል። ጫፏም ወደ ላይ ቀና ይላል። በዚህ ሙያ ከጥንት ጀምሮ የታወቁት በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው።

ተማሪዎቼ «ሣር እንዴት ሰው ይሸከማል?» እያሉ ይጠይቁኛል። የደንገል አገዳ ውስጡ እንደ ሰፍነግ ሆኖ አየር ያዘለ ነው፤ ስለዚህ ታንኳይቱ ብትረጥብም ቶሎ አትሰጥምም። ነገር ግን ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች። ስለዚህም ባለቤቷ ከጉዞ ሲመለስ ጎትቶ ያወጣትና አቁሞ ያደርቃታል። እንዲህ ተጠንቅቀውላትም ዕድሜዋ አጭር ነው።

ሣር ናት ብለህ ግን አትናቃት። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በ1962 ዓ.ም. «ራ ሁለተኛ» በተባለች የደንገል መርከብ ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደሴት ደርሷል፤ ደንገሉም የተወሰደው ከአገራችን ነበር።

ለመሳፈር ያሰብህ እንደ ሆነ ማለዳ ተነሣ፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይበረታልና። ከመካከል ዝቅ ብለህ ተቀመጥ እንጂ አትቁም። ሱሪህ መራሱ አይቀርም፤ ይህን ቀድመህ እወቅ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለና ያለ አገሬው ቀዛፊ አትጠጋ። የጣና ጥልቀት ከ14 ሜትር ብዙም አይበልጥም ቢባልም፥ ዋና ለማያውቅ ሰው 2 ሜትርም ይበቃዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የደንገሉ ነገር ነው። በብዙ ስፍራ ተመንጥሮ ዳርቻው እርሻ ሆኗል፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህም እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም በሐይቁ ላይ ተስፋፍቷል። ደንገል ሲጠፋ የምትጠፋው ታንኳ ብቻ አይደለችም፤ ዓሣ የሚራባበትና ወፍ የሚጠለልበት ስፍራ አብሮ ይጠፋል፤ አሠራሩን ከአባቱ የሚማር ልጅም አይገኝም።

እንግዲህ ወደ ሩቆቹ ገዳማት ስትሄድ በሞተር ጀልባ ተሳፈር፤ በአቅራቢያ ላለው ለደብረ ማርያም ግን የታንኳ ቀዛፊ ፈልግና ዋጋውን ሳትከራከር ክፈለው። ታንኳ እንጀራ የሆነችለት ሰው ደንገሉን ሳይነገረው ይጠብቃል።