የሚደበዝዘውም መልስ ነው

ኮተቤ ለተማረ ሰው ስለ ሽታ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ከእንጦጦ ነፋስ ሲመጣ የባሕር ዛፉ ሽታ ክፍል ድረስ ይገባል። ሲያብብማ ንቡም አይቀርም።

እኔን ወደዚህ ጉዳይ የሳበችኝ ግን የወባ ትንኝ ናት። ያደግሁት ቆላ ነው፤ ክረምት ሲወጣ ከቤታችን የሚታመም ሰው አይጠፋም። ዶሮዎቻችን ሌሊት ከእኛው ጋር ያድራሉ፤ ሽታቸውን እጠላው ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በምዕራብ ኢትዮጵያ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ግን ከዶሮ የሚወጡ የሽታ ውህዶች ሰው በተኛበት አጎበር አጠገብ ሲቀመጡ ወጥመድ ውስጥ የሚገባው አኖፌለስ አራቢየንሲስ ቀንሷል።

ይህን ስነግረው አንድ የክፍላችን ልጅ «ታዲያ ሽታው የትንኟን ነርቭ ገቶት ነዋ!» አለ። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

በንብ አንጎል ውስጥ ከአንቴናዋ የሚመጣውን የሽታ መልእክት የሚቀበሉ 160 ያህል ጥቃቅን ቋጠሮዎች አሉ፤ ግሎሜሩላይ ይባላሉ። በርሊን ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ሥራ፣ በሕይወት ያለች ንብ ራስ ላይ ትንሽ መስኮት ከፍተው፣ ካልሲየም ሲበዛ ይበልጥ የሚያበራ ቀለም ጨምረው፣ ሽታ እየነፉላት በካሜራ ቀረጹ። ነርቭ ሲነቃ ካልሲየም ይገባዋል፤ ቋጠሮው ይበራል። ሽታ ሲቀየር የሚበሩትም ቋጠሮዎች ይቀየራሉ።

እኔን ይበልጥ የሚገርሙኝ የሚደበዝዙት ናቸው። ሽታው ሲደርስ ብርሃናቸው ከመነሻው በታች የሚወርድ አሉ፤ ጎረቤት ህዋሳት እንደ ጋባ ባለ ኬሚካል ሲገቷቸው ማለት ነው። ነርቩ ቀድሞውኑ ዝም ያለ ከሆነ ግን ቢገታም ካሜራው ምንም አያሳይም። የጠፋ አምፖል አይደበዝዝማ! (መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለኖረ ይህ ግልጽ ነው።) በዚያው በ1997 በታተመ ሌላ ሥራ፣ ጋባን የሚያግድ መድኃኒት የተሰጣቸው ንቦች በጣም የሚመሳሰሉ ሽታዎችን መለየት አቃታቸው፤ የተራራቁትን ግን ለዩ። እንግዲህ መገታት ማጥፋት ብቻ ሳይሆን መለየትም ነው።

ስለዚህ ለጓደኛዬ ያልኩት፦ ትንኟ ለመሸሽም የሚነቃ ነርቭ ያስፈልጋታል። አንዱ ቋጠሮ በርቶ ሌላው ደብዝዞ ሊሆን ይችላል፤ ከባህሪዋ ብቻ ተነስተን «ተገታ» ማለት አንችልም።

እናቴ በስልክ ስነግራት ሳቀች። «ዶሮዎቹ ካሉ አጎበሩ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። «እማዬ፣ አጎበሩንማ እንዳትተይው። እነሱ የቆጠሩት የተያዘ ትንኝ ነው እንጂ የታመመ ሰው አይደለም» አልኳት።