ከአቃቂ ቃሊቲ ወደ ባቱ፦ ያገለገለ የታንኳ ሞተር ለምትገዙ

ዛሬ ወደ ከተማችን ደቡባዊ ጫፍ፣ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ልውሰዳችሁ። የከባድ መኪናውን ጥሩምባና የጋራዡን የዘይት ሽታ ታገሡልኝ፤ አልፈን ስንወርድ ሐይቅ እናገኛለን። አዎን፣ ሐይቅ!

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገቡበት አባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ነው። ግድቡ የጣሊያን ወረራ ዘመን ሥራ ሲሆን፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመብራት ኃይሉ ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ሥራ ጀምሯል። ውሃው ግን የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተሸክሞ የሚመጣ ነው። በላዩ የተንሰራፋው አረንጓዴ ከሩቅ ሲያዩት ለከብት የሚሆን መስክ ይመስላል። እንቦጭ ነው።

ስለ ሞተር ለመናገር ከዚህ መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በጉባኤያችን ካሉ ወጣት ባለትዳሮች ባል ከወንድሙ ጋር ባቱ (ዝዋይ) ላይ ዓሣ ለማጥመድ ያገለገለ የታንኳ ሞተር ሊገዛ አሰበ። ሚስት ደግሞ የዕቁቡ ገንዘብ ለልጆች ትምህርት ቤት ነው አለች። ነገሩ ከረረና ወደ እኛ መጡ። ጸለይን፤ ከዚያም ሞተር የሚያውቅ አንድ ወንድም ጠራን። ጸሎት መካኒክ መጥራትን አይከለክልም! ጌታ በሉቃስ 14፥28 ስለ ግንብ ሠሪው ሲያስተምር ወጪን ቁጭ ብሎ ስለ መቁጠር ተናግሮ የለምን?

የወንድማችን የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ዋጋ አልነበረም። «ውሃው እንዴት ያለ ነው?» አለ። እንደ አባ ሳሙኤል እንቦጭ ባለበት ውሃ አረሙ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ማቀዝቀዣው ውሃ የሚገባበትንም ቀዳዳ ይደፍናል፤ ሞተሩ ይግልና ይነክሳል። ባቱም ላይ አረሙ ደርሷል። ደግሞም የባቱ ሐይቅ በአማካይ 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ጥልቀት ያለው ስለ ሆነ እግሩ አጭር የሆነው፣ 38 ሴንቲ ሜትር ያህሉ፣ ይሻላል። 51 ሴንቲ ሜትር ያህሉ ጀርባው ከፍ ላለ ጀልባ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የታንኳውን ጀርባ በሜትር ለኩ።

ቀጥሎ ጉልበቱ። የገሊላ ባሕር ከባሕር ወለል በታች 200 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ባቱ ግን ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ ክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ባቱ ላይ ሙሉ አይሆንም። ይህ ማለት ግን ትልቁን ግዙ ማለት አይደለም። 5 የፈረስ ጉልበት ያለው ለታንኳ ይበቃል፤ 15ቱ ከ35 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የታንኳውን ጭራ ያሰጥመዋል። (ባሎች እዚህ ላይ ትንሽ ቅር እንደሚላችሁ አውቃለሁ።)

ሻጩ ዘንድ ስትደርሱ አስቀድማችሁ ሞተሩን በእጅ ዳስሱ። ሞቆ ካገኛችሁት ሳትመጡ አስነስቶታል፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሣ ማየት አለባችሁ። በቡሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ካለ በጨው ባሕር የሠራ ነው። ከታችኛው ካምቢዮ ትንሽ ዘይት አስወጡ፤ ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል። ካንዴላውን አስፈትታችሁ ኮምፕሬሽኑን አስለኩ፤ ሁለት ሲሊንደር ካለው ልኩ መቀራረብ አለበት። ከዚያ በርሜል ውሃ ውስጥ ይነሣ። ያለ ውሃ ማስነሣት የውሃ ፓምፑን ጎማ ያቃጥላል። በጎኑ በኩል ቀጭን ውሃ ሳይቆራረጥ መፍሰስ አለበት።

ባልና ሚስቱ ያዩት የመጀመሪያው ሞተር አምሮ ቀለም የተቀባ ነበር። ሻጩ በርሜሉን እንቢ ሲል እርስዋ፣ «እንግዲያው እግዜር ይስጥልን» ብላ ባልዋን ይዛ ወጣች። ዘይት ሲፈተሽ ዐይኗን ያልነቀለችውም እርስዋ ነበረች፤ ሚስቶችን ይዛችሁ ሂዱ የምለው ለዚህ ነው።

ከውጭ የገባ ከሆነ የጉምሩክ ሰነዱን ጠይቁ፤ ቁጥሩንም ከሞተሩ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ከዋጋው በፊት ደግሞ ለሁለት የመንሳፈፊያ ጃኬትና ለመቅዘፊያ የሚሆን ገንዘብ ለብቻ አስቀምጡ። እርሱ ካልተረፈ ሞተሩን ለሌላ ወር አቆዩት።