ሁለተኛው ክንድ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሀይሌ ጋርመንት ከልብስ ስፌት ጋር የተያያዘ ስም ያለው ሰፈር ነው። በዚያ የምትኖር አንዲት ወጣት ልብስ ሰፊ ትታሰብ። ከስፌት መኪናው ፊት ጥቂት ሰዓት እንደ ሠራች ግራ ክንዷ ይዝላል፤ ስታሳርፈው ይሻላታል። ሥራው ሲበረታ ደግሞ ያዞራታል። ቤተሰቦቿ «ድካም ነው» ይሏታል፤ እርሷም ታምናለች። ለሕክምና ስትሄድ የደም ግፊቷ በግራ ክንዷ ብቻ ይለካል። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ዕረፍትና የተሻለ ምግብ ታዝዞላት ትመለሳለች። ቀኝ ክንዷን ግን ማንም አልለካም።

ይህች ሴት በምናብ የተሣለች ብትሆንም ስሕተቱ በእውን ሊደርስ የሚችል ነው። ከልብ የሚወጣው ታላቁ ደም ቅዳ በደረት የላይኛው ክፍል ውስጥ ሲታጠፍ ሦስት ቅርንጫፎች ያወጣል። የመጀመሪያው ለቀኝ ክንድና ለቀኝ የራስ ክፍል፣ ሁለተኛው ለግራ የራስ ክፍል፣ ሦስተኛው ለግራ ክንድ ደም ያደርሳል። በመጥበብ ብዙ ጊዜ የሚጠቃው ይህ ሦስተኛው ነው። ወደ አንጎል የሚወጣው የአከርካሪ ደም ቅዳ ከሚነሣበት ቦታ በፊት ከጠበበ፣ ክንዱ በሥራ ጊዜ የሚያስፈልገውን ደም ከአንጎል ድርሻ ይስባል፤ በአከርካሪው ደም ቅዳ ውስጥ ያለው ደምም አቅጣጫውን ለውጦ ወደ ታች ይፈስሳል። የክንድ መዛልና ማዞር አብረው የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

በዕድሜ በገፉ ሰዎች ዘንድ ዋናው መንሥኤ በደም ቅዳ ግድግዳ ላይ የሚከማች ስብ ነው። በወጣት ሴቶች ላይ ግን የታካያሱ በሽታ ሊታሰብ ይገባል። ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሚኪቶ ታካያሱ እ.ኤ.አ. በ1908 ያሳተሙት በአንዲት ወጣት ሴት ዓይን ውስጥ ያዩትን ያልተለመደ የደም ሥሮች ትስስር ነበር። በሽታው የታላላቅ ደም ቅዳዎችን ግድግዳ በማስቆጣት ያጠብባቸዋል፤ የእጅ አንጓ ትርታ ስለሚጠፋበትም «ትርታ አልባ በሽታ» ተብሏል።

ምርመራው የሚጀምረው በቀላል ነገር ነው፤ የሁለቱንም እጆች ትርታ በአንድነት መዳሰስ፣ ከአንገት ሥር ባለው አጥንት በላይ በማዳመጫ የደምን ሹክሹክታ መስማት፣ ግፊትንም በሁለቱም ክንዶች መለካት። በላይኛው ቁጥር ከ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ የሆነ ልዩነት እ.ኤ.አ. በ1990 ከወጡት የታካያሱ መለያ መስፈርቶች አንዱ ነው፤ 15 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ በተደጋጋሚ ልኬት የጸና ልዩነት ደግሞ የደም ቅዳ መጥበብን ያጠራጥራል። ከዚያ በኋላ ዶፕለር አልትራሳውንድ የደሙን አቅጣጫ፣ ሲቲ አንጂዮግራፊ የጠበበውን ቦታ ያሳያል።

አንዱን ክንድ ብቻ መለካት የሚደብቀው መጥበብን ብቻ አይደለም። ደም ያነሰው ክንድ «ዝቅተኛ» ሲል፣ ሌላው ክንድ ሕክምና የሚሻ ከፍተኛ ግፊት ይዞ ሊሆን ይችላል፤ የሚታመነውም ከፍ ያለው ቁጥር ነው።

ነገሩ ለተመራማሪም ይተርፋል። የጥናት ቅጽ ለደም ግፊት አንድ ሣጥን ብቻ ካለው፣ መረጃው የቱንም ያህል ቢበዛ ይህን በሽታ ሊያሳይ አይችልም፤ ያልተለካም እንደሌለ ይቈጠራል። ለልብስ ሰፊዋ ሁለተኛው ልኬት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር። በቅጹ ላይም የሚጠይቀው አንድ ተጨማሪ ሣጥን ነው።