የአዞዎቹ ራጅ

መቼም ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ እኔ አሜሪካ ሄጄ ደህና እንጀራ መብላት የጀመርኩት የአዞ ሆድ ራጅ በማንሳት ነው። ዲቪ ደርሶኝ የሄድኩ ሰሞን እንደ አገሬ ልጆች ሁሉ ፓርኪንግ ቆሜያለሁ፣ የሌሊቱም ብርድ አጥንቴ ድረስ ገብቶ ፈትሾኛል። አዲስ አበባ የተማርኩት የራጅ ሙያ ግን እጄ ላይ ነበረና፣ ውሎ አድሮ በደቡባዊዎቹ ግዛቶች ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሆስፒታል ተቀጠርኩ። ሥራዬ የውሻ ዳሌና የፈረስ ቁርጭምጭሚት ማንሳት ነበር። አንድ ቀን አለቃዬ መጥታ «አዞ ትፈራለህ?» አለችኝ። የአርባ ምንጭ ልጅ መሆኔን ከየት ታውቀው!

አልፈራም አልልም። አርባ ምንጭ ውስጥ አዞ የማይፈራ ሰው ካገኛችሁ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ጠጥቷል። ግን ጠረኑን አውቀዋለሁ፤ ያደግኩበት ነዋ። ጋሼ እያልኩ የምጠራው የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ በ1970ዎቹ አባያ ሐይቅ ዳር በተቋቋመው አዞ ራንች ውስጥ መጋቢ ነበር። ከሐይቁ ዳር እንቁላልና ጫጩት ተሰብስቦ ይመጣል፣ በየዕድሜው ተለይቶ በሲሚንቶ ገንዳ ያድጋል፣ ቆዳው ውጭ አገር ይሸጣል። ጋሼ ማታ ሲመለስ ከሰውየው ቀድሞ ኮቱ ነበር የሚገባው፤ ዓሣ፣ የረጋ ውሃ፣ የበሬ ደም፣ በላዩ ላይ የኒያላ ሲጋራ። እናቴ ከጓዳ ሆና «ኧረ እባክህ ያንን ኮትህን ውጭ ስቀለው!» ትላለች። እሱም «እሺ እትዬ» ብሎ እዚያው በር ላይ ይሰቅለዋል።

ትምህርት በሌለ ቀን ይዞኝ ይሄድ ነበር። ጠዋት መጀመሪያ የሚያየው ገንዳውን ሳይሆን ሰማዩን ነው። ደመና ከሆነ፣ ውሃውም ከቀዘቀዘ፣ ጋሪው ላይ ካለው ሥጋ ይቀንሳል። በልተው ከወጡ በኋላ ደግሞ ማንንም ወደ አጥሩ አያስጠጋም። እኔ ልጅ ነኝ፣ እንደ ግንድ ተጋድመው ሳያቸው ይሰለቸኛል፤ ጠጠር ላነሳ ጎንበስ ስል እጄን ይይዘኝና «ተው አንተ ልጅ፣ ሥራ ላይ ናቸው» ይለኛል። ሥራ! አፉን ከፍቶ የተኛ አዞ ምን ሥራ አለው? እያልኩ በልቤ እስቅበት ነበር።

እንግዲህ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ፣ የራጅ ክፍሉ በር ተከፍቶ ያ ጠረን ገባ። የመጡት የእኛዎቹ አዞዎች አይደሉም፤ የአሜሪካኖቹ አሊጌተሮች ናቸው፣ አፍንጫቸው ሰፋ ያለ፣ ገና ወጣቶች። ከመንጋጋቸው ሥር ካለው ዕጢ የሚወጣው ከባድ ሽታ ግን ልዩነት የለውም። ያመጧቸው ተመራማሪዎች አፋቸውን በጥቁር ፕላስተር ጠቅልለውታል። አዞ ሲነክስ ነው እንጂ አፉን ሲከፍት ጉልበት የለውም፣ ትንሽ ፕላስተር ይበቃዋል። ዓይናቸውን በእርጥብ ፎጣ ሲሸፍኗቸው ዝም ይላሉ፤ ትንንሾቹ ብቻ እንደ መጥራት እያሉ ይንጫጫሉ። ያንን ድምፅ ስሰማ የእርሳስ ሽርጤን ለብሼ ትንሽ ቆሜ ቀረሁ። አለቃዬ የፈራሁ መሰላት።

የበሉትን እንዴት እንደሚፈጩ ለማየት የሚደረገው ሙከራ ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። የተፈጨ ሥጋ ውስጥ ከበሬ ጭራ አንድ አንጓ አጥንት ይጨመራል፣ እንስሳው ይበላል፣ ከዚያ በየጊዜው ሆዱ ራጅ ይነሳል። ሥጋ በራጅ ስለማይለይ፣ እሱን መከታተል የፈለገ ባሪየም ማብላት አለበት፤ አጥንት ግን ካልሲየሙ ጨረሩን ስለሚያግድ በራሱ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያኔ ዲጂታሉ ገና አልገባልንም። ፊልሙን ጨለማ ክፍል ውስጥ አጥቤ፣ የኮምጣጤ ሽታው አፍንጫዬን እየከረከረኝ ብርሃን ላይ ሰቅዬ አያለሁ። የመጀመሪያው ላይ የእንስሳው አከርካሪ፣ የጀርባው ሰሌዳዎች፣ መሀል ላይ ደግሞ ያ የበሬ አጥንት ቁልጭ ብሎ፤ አጠገቡ የዋጣቸው ጠጠሮች አሉ። በሚቀጥለው ፊልም የአጥንቱ ጠርዝ ዝናብ እንዳገኘው አሞሌ ይሟሟል። ቀጥሎ ጥላ ይሆናል። በመጨረሻ የሚቀሩት ጠጠሮቹ ብቻ ናቸው። እውነቱን ለመናገር አጥንቱ ከፊልሙ የሚጠፋው ከሆዱ ቀድሞ ነው፤ አሲዱ ካልሲየሙን ነጥቆ ሲወስድ የቀረው ለስላሳ ክፍል ለጨረሩ አይታይም።

ጠጠሮቹ ራሳቸው ብዙ አከራክረዋል። ይፈጩበታል ያለ አለ፤ በኋላ ግን ጠጠር የዋጡ ወጣት አሊጌተሮች ውሃ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆዩ ታይቷል።

እኔን ያስገረመኝ ግን የልቡ ነገር ነው። አዞ እንደኛ ባለ አራት ክፍል ልብ አለው፤ ሆኖም ከቀኙ ክፍል ወደ ሰውነት የሚሄድ ተጨማሪ ቧንቧ አለው። ሲፈልግ ገና ሳንባ ያልደረሰ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበትን ደም በዚያ በኩል ወደ ጨጓራው ይልካል። ጨጓራው ከዚያ ጋዝ አሲድ ይሠራል። በ2008 እ.ኤ.አ. የዩታ ዩኒቨርሲቲዋ ኮሊን ፋርመርና ባልደረቦቿ ይህ መንገድ በቀዶ ሕክምና ሲዘጋ የአሲዱ መመንጨት እንደሚቀንስና አጥንቱም ቶሎ እንደማይሟሟ ጽፈዋል። ሁሉም ሊቅ አልተቀበላቸውም፤ ክርክሩ ቀጥሏል። ለእኔ ግን ያ ተጋድሞ የማየው ፍጡር ከልቡ እስከ ጨጓራው ሥራ ላይ እንደነበረ ገባኝ።

ሙቀቱም አለ። 30 ዲግሪ ገደማ በሆነ ክፍል የተቀመጡት አጥንታቸውን በቀናት ይጨርሳሉ። ሙቀቱ ሲቀንስ ሁሉም ነገር ይጓተታል፤ በጣም ከቀዘቀዘ ምግብ ያስጠላቸዋል፣ የበሉትም ሆዳቸው ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል፣ ወይም ይተፉታል። የምነግራችሁ ተመራማሪዎቹ በቴርሞሜትር ያረጋገጡትን ነው። ጋሼ ቴርሞሜትር አልነበረውም፤ ሰማይ ነበረው።

ደውዬ ነገርኩት። በዚያን ጊዜ ስልክ ውድ ነው፣ ካርዱ ሳያልቅ ልጨርስ ብዬ በጥድፊያ አጥንቱን፣ ፊልሙን፣ ልቡን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ሥጋውን ማነው የሚከፍለው?» አለኝ። መንግሥት ነው አልኩት። «ታዲያ በደንብ ያብሏቸው» አለ።

ስለ ጋሼ ካነሳሁ አይቀር፣ በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያ ራጅ የእሱ ነበር። በ1970 ከሶማሊያው ጦርነት ሲመለስ ሆዱ ውስጥ ፍንጣሪ ይዞ ነበር የመጣው፤ ሐኪሞቹ ከነካነው ይብሳል ብለው ተዉት። ፊልሙን ቡናማ ፖስታ ውስጥ ከፍራሹ ሥር ያኖረዋል። አንዳንዴ ለምኜው መስኮቱ ላይ ይዞ ያሳየኛል፤ ከወገቡ ከፍ ብሎ ትንሽ ነጭ ነገር። አመመህ ወይ ስለው፣ እንዴት ሆነ ስለው፣ መልሱ አንድ ነው፦ «ሆድ ይፍጀው»። ፖስታውን ይመልሰዋል። በኋላ ከአንድ መካነ እንስሳት የመጣ አሊጌተር አንስቼ ነበር፤ ጎብኚዎች የወረወሩትን ሳንቲም ውጧል። አጥንቱ ሁሉ ከሆዱ ሲጠፋ ሳንቲሙ እያበራ ይታያል። የዚያን ቀን ከሥራ በጊዜ ወጣሁ። ጋሼ ያንን ብረት እንደያዘ ነው የተቀበረው፤ እኔም ለቀብሩ አልደረስኩም።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ አርባ ምንጭ ከሄድክ፣ አይቀርም ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ «አዞ ገበያ» ወደሚሉት ዳርቻ ይወስዱሃል። ዳር ላይ አፉን ከፍቶ የተጋደመ ታገኛለህ፤ ጀልባ ነጂውን «እስቲ ቀስቅስልን» አትበለው፣ ጠጠርም ሳንቲምም አትወርውር። ደንግጦ ውሃ ከገባ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ ከቀዘቀዘ የበላው አይፈጭለትም።